ቤታችንን በክሪክ ያነሣው የባሌ ወንድም

ባሌ ካረፈ ስምንት ወር ሆነው። ይህን መጻፍ ከጀመርኩ ደግሞ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። በቀን አንድ ገጽ አይሞላልኝም። ጥቂት መስመር ጽፌ እተወዋለሁ፤ በማግሥቱ አነበውና ግማሹን እሰርዛለሁ። የማወራላችሁ መርሳ ላይ፣ በደርግ ጊዜ፣ በአንድ እሑድ ከጠዋት እስከ ማታ ስለሆነ ነገር ነው። አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ኑሮዬን ግን ለሁለት የከፈለው እሱ ነው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናገር። የምጽፈው ስለ ባሌ ታላቅ ወንድም ስለ ዘውዴ ነው። በዚያን ጊዜ አያ ዘውዴ እያልኩ፣ አንቱ እያልኩ፣ ሲገባ ከመቀመጫዬ እየተነሣሁ፣ ሊበላ ሲል እጁን እያስታጠብኩ ነበር የኖርኩት። ወረቀት ላይ ግን አንቱ ልለው ብሞክር እጄ እምቢ አለኝ። ባለጌ ናት የሚለኝ ካለ፣ ታሪኩን ጨርሶ ይበለኝ።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ወልድያ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሬ ነው ለሞገስ ተድሬ መርሳ የመጣሁት። ከሰዓት በኋላ መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ፤ አያቶቼ የሚሆኑ ሰዎች «ሀሁ» ሲሉ እሰማለሁ። ሞገስ ልብስ ሰፊ ነበር። ስፌት መኪናው በእግር የሚረገጥ ነው። ሁለት እግሮቹ ቀኑን ሙሉ አያርፉም፤ በሁለቱ እግሮቹ ነበር የምንበላው። ሱቃችንም፣ መኖሪያችንም፣ የአማቴ የእማማ ቤትም ያው አንድ ቤት ነበር፤ የሞገስ አባት በእጃቸው የሠሩት የጭቃ ቤት፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። የጣሪያው ዋና አግዳሚ እንጨት መሐል ላይ በአንድ ወፍራም ምሰሶ ተደግፎ ነው የቆመው።

ከምሰሶው አንድ ክንድ ራቅ ብሎ፣ ከወለሉ ሥር፣ የማሽላ ጉድጓድ ነበረ። በእኛ አገር እህል በጉድጓድ ይቀመጥ እንደነበር የሚያውቅ ያውቃል፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ሰው የሚውጥ ነው። በረሃቡ ዓመት የሞገስ ቤተሰብ የመጨረሻዋን ፍሬ ጠርጎ በላና ጉድጓዱ ባዶውን ቀረ። ሽማግሌው ገለባና አመድ ሞሉበት፣ አፉን በእንጨት ረበረቡት፣ በጭቃ መረጉት። እኔ ክፍቱን አይቼው አላውቅም። ግን ወለሉን በየሳምንቱ በእበት የምለቀልቀው እኔ ነበርኩ። ያ ቦታ ከሁሉ ዘግይቶ ይደርቃል። በተረከዝ ሲረገጥ ባዶ ዕቃ እንደተመታ ይጮኻል።

ምስጥ መርሳ ላይ እንግዳ አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት ስጠርግ ከምሰሶው ሥር የደቀቀ ነገር ተከምሮ አየሁ። ሞገስን ጠራሁት። በመቀሱ ጫፍ ወጋ ቢያደርገው መቀሱ እስከ እጀታው ገባ። ሁለታችንም ቀና ብለን ጣሪያውን አየን።

ጎረቤታችን ሰይድ ቤት ሠሪ ነበር። መጥቶ ምሰሶውን በጣቱ አንኳኳ፤ ጎንበስ አለ፤ ቀና አለ።

«ሞገስ፣ ይሄ እንጨት ቆሟል ማለት አይቻልም። ልማድ ሆኖበት ነው» አለው። «አራት ባላ በዙሪያው እናቆማለን። የመሐሉን ቆርቆሮ አውርደን ክብደቱን እንቀንሳለን። ከዚያ በኋላ ነው ምሰሶው የሚወጣው። የሁለት ቀን ሥራ ነው።»

«መቼ ትጀምርልኛለህ?»

«ግራና ከተማ የያዝኩት ቤት አለ። ሰኞ ጨርሼው እመለሳለሁ፣ ኢንሻአላህ። እስከዚያ አትነካኩት። አብሽሩ፣ ሳምንት ይቆማል።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ይህን አልጽፍም ነበር። ግን የአባት ቤት ምሰሶ ታላቅ ልጅ ሳያውቅ አይነቀልም ተባለ። እማማ አሉ፤ ሞገስም እሺ አለ። ወደ ወልድያ በሚሄድ አውቶቡስ ለዘውዴ መልእክት ተላከ። መልሱ በማግሥቱ መጣ፦ «ማንም እጁን እንዳያስገባ። እሑድ እኔው መጥቼ በአንድ ሰዓት እጨርሰዋለሁ።»

ዘውዴ ወልድያ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ ይሠራ ነበር። መኪና ሲፈታ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሲገጥም ያየሁት ግን የለም። የእማማን ሬዲዮ እጠግናለሁ ብሎ ፈትቶ በከረጢት ነው ያስረከባቸው። እማማ ከረጢቱን ራስጌያቸው አስቀምጠው «ልጄ የሠራልኝ ሬዲዮ» እያሉ ለእንግዳ ያሳዩ ነበር። እውነቴን ነው።

እሑድ ጠዋት በጋራዡ የጭነት መኪና መጣ። ከኋላ አንድ ትልቅ የዘይት ክሪክ፣ የሽቦ ገመድና አጠር ያለ የባሕር ዛፍ ግንድ ጭኗል። እማማ ገና ከመኪናው ሲወርድ እልል አሉ።

«የታለ በሽተኛው?» እያለ ገባ። ምሰሶውን በጫማው መታው። የምስጥ ብናኝ ፈሰሰ። ሲጋራ እስኪያያይዝ ድረስ አየው፤ ምርመራው ይኸው ነበር።

«ይቺን ነው ሳምንት ሙሉ የተጨነቃችሁባት?»

«ሰይድ አራት ባላ ያስፈልጋል ብሎ ነበር፣ አያ ዘውዴ» አለ ሞገስ።

«ሰይድ ጭቃውን ያቡካ። ይሄ የቴክኒክ ሥራ ነው። አየህ ይሄን ክሪክ? እህል የጫነ መኪና ከነጭነቱ ያነሣል። ያንተ ቤት ስንት ኩንታል ነው?»

ሞገስ ሳቀ። ቤት ስንት ኩንታል እንደሆነ ማን ያውቃል?

«ስለዚህ» አለ ዘውዴ፣ «ክሪኩን እዚህ አቆማለሁ። ግንዱን በላዩ። ጣሪያውን ጣት ያህል አነሣዋለሁ። ምሰሶው ነጻ ይወጣል። አንተ የበሰበሰውን እግሩን በመጋዝ ትቆርጣለህ። ከሥሩ ድንጋይ እናስገባለን፣ የተቃጠለ ዘይት እናጠጣዋለን። በቃ። ጎማ መቀየር ማለት ነው።»

«እዚህ» ያለው ቦታ የቱ እንደሆነ ገምታችኋል።

ዕቃ ላውጣ ብዬ ነበር፤ «ለአሥር ደቂቃ ሥራ ቤት ይገለበጣል?» ብሎ ከለከለኝ። ክሪኩን እየጎተተ ያን ቦታ ሲረግጠው ወለሉ ጮኸ። እኔ ሰማሁ። ሞገስም ሰማ፤ ዓይኑን አይቻለሁ።

«አያ ዘውዴ» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «እዚያ ጋ የማሽላው ጉድጓድ አለ። መሬቱ እንዳይከዳ...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረስኩም። እማማ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«አንቺ ልጅ! ሰው ሥራ ሲጀምር አታሟርቺ! ክፉ ካላወራሽ አይነጋልሽም?»

አንባቢዎቼ፣ ይህን ነገር ታውቁታላችሁ። አደጋው ያለው ጉድጓዱ ውስጥ አይደለም፤ ጉድጓድ አለ ባለው ሰው አፍ ውስጥ ነው። ገደል አጠገብ የሚሄድን ሰው ገደል አለ ያለው ሰው ገፍቶ እንደጣለው ይቆጠራል። ዝም ያለው ደግሞ ጨዋ ነው።

ቢሆንም አንድ ጊዜ ደገምኩት። «አንቱ ራስዎ በልጅነትዎ በገመድ እየወረዱ ማሽላ ያወጡ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ያ ድሮ ነው። ተሞልቷል።»

«የተሞላው በገለባ ነው እኮ። እሺ ከሥሩ ሳንቃ እንኳ ያድርጉበት። መኪናው ላይ ሳንቃ አይቻለሁ።»

ዘውዴ ወደ ሞገስ ዞሮ ሳቀ። «አስተማሪዋ ክሪክ ልታስተምረኝ ነው! ሂጂ ጥቁር ሰሌዳሽ ላይ ጻፊው።»

«አታሟርቺ አልኩሽ!» አሉ እማማ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው በለሰለሰ ድምፅ፣ «ጀምር የኔ ጌታ፣ እጅህ የተባረከ ነው» አሉ።

ሞገስን አየሁት። እሱ የመጋዙን ጥርስ እየነካ ይመረምር ነበር። ከዚያ በኋላ ዝም አልኩ። በሩ ላይ ሄጄ ቆምኩ። ስላዘዙኝ ነው ዝም ያልኩት፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዘውዴ ግንዱን ክሪኩ ላይ አቆመና ማንሻውን ይረግጥ ጀመር። ግንዱ አግዳሚውን ነካ። ምስማሮች አለቀሱ። ከጣሪያው አፈር ዘነበ። ምሰሶው ከላይ በኩል የፀጉር ያህል ተላቀቀ።

«አየሽ አስተማሪ? አየሽ?» አለ ዘውዴ። እማማ ደጅ ሆነው እልል አሉ። «በል ቁረጥ!»

ሞገስ ምሰሶው ሥር እግሮቹን ዘርግቶ ተቀመጠና መጋዙን አስገባ። በምስጥ የተበላ እንጨት ለመጋዝ አያስቸግርም። ጥቂት ጊዜ ሳብ መለስ አደረገው፤ የምሰሶው እግር ተቆርጦ ወደቀ። አሁን ቤቱን ሁሉ የተሸከመው የእጅ መዳፍ የምታህል የክሪክ መቀመጫ ብቻ ሆነች።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ቅል ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ነው። ክሪኩ ወደ ጎን ዘመም አለ፣ ከዚያ ጠፋ። በእውነት ጠፋ፤ የነበረበት ቦታ ጥቁር ቀዳዳ ሆነ። ግንዱ ተንሸራተተ። አግዳሚው መሐሉ ላይ ተሰነጠቀና አንደኛው ግማሽ ከነወራጁ ወረደ። በአጠገቤ አንድ ሰው ገፍቶኝ ወጣ። ዘውዴ ነበር። ከዚያ ቤት ቀድሞ የወጣው እሱ ነው።

አቧራው ውስጥ ሆኖ የጮኸውን ቃል በሕይወቴ አልረሳውም። «ክሪኩ! ክሪኩ የመንግሥት ንብረት ነው!»

እኔ ወደ ውስጥ ገባሁ። አቧራው ሲቀንስ ሞገስን አየሁት። በጀርባው ተኝቷል። አግዳሚው ሁለቱን እግሮቹን ከጉልበቱ በላይ ተጭኖታል። የቀረው የጣሪያ ግማሽ ደግሞ በጥቂት ምስማርና በተጣመመ ቆርቆሮ ተንጠልጥሎ ልክ ከራሱ በላይ ነው። ነፋስ ሲመጣ ይንቀሳቀሳል። እግሩ ላይ ያለው እንጨት ትንሽ ቢነቃነቅ ከላይ ያለው ይወርዳል። ይህን ለማወቅ ቤት ሠሪ መሆን አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል።

«ዓለም» አለኝ፤ ስሜ ዓለምነሽ ነው። «ውጪ። ይወድቅብሻል።»

ጎረቤት ተሰበሰበ። ሴቶች ጮኹ። ዘውዴ ከድንጋጤው ሲመለስ ወዲያው ሌላ ሐሳብ መጣለት። የዚህ ዓይነት ሰው ክፋቱ ይህ ነው፤ ሐሳብ አያልቅበትም።

«ግድ የለም! ግድ የለም! እንጨቱን በሽቦ ገመድ አስረን በመኪናው እንስበዋለን። አንድ ጊዜ ሳብ ነው!»

ሽቦውን ይዞ በሩ ላይ ደረሰ። ሁለት ሰዎች ሊያግዙት ተከትለውታል። የሰው ልጅ በእርግጠኝነት የሚናገርን ሰው ይከተላል፤ ቅድም ምን እንዳደረገ ማንም አይጠይቀውም። እኔ በሩ ላይ እጆቼን ዘርግቼ ቆምኩ።

«አይነካም!»

«ምን ትያለሽ? ወንድሜ እኮ ነው!»

«እንጨቱን አትነካም! ሂድ! መኪናህን አስነሣና ግራና ሂድ፣ ሰይድን አምጣ! ሌላ ምንም አትንካ!»

ከዚያ እማማ ከኋላ ሆነው፣ «ኧረ ጉድ! አያ ዘውዴን ሂድ አለችው!» አሉ። ልጃቸው እንጨት ሥር ተኝቶ እሳቸውን የገረማቸው የእኔ «ሂድ» ነው።

ዘውዴ አየኝ፤ ሽቦውን መሬት ላይ ጣለው። ሄደ። አሁን ሳስበው የታዘዘኝ አይመስለኝም፤ ከዚያ ቤት የሚርቅበት ምክንያት ስላገኘ ደስ ብሎት ነው።

የግራና መንገድ ክፉ ነው፤ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እኔ ገብቼ ከሞገስ ራስ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጎረቤቶቹን ማንም እንዳይገባ፣ ግድግዳውንም እንዳይደገፍ አልኳቸው። ሁለት ወንዶች በባዶ እጃቸው የተንጠለጠለውን ጫፍ ከውጭ ደግፈው ያዙ፤ እነሱን እግዚአብሔር ይስጣቸው።

በዚህ መሐል የቀበሌ ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ቤት ለማደስ ከቀበሌ ፈቃድ ወስዳችኋል?» አለ።

«ግባና እሱን ጠይቀው» አልኩት ወደ ሞገስ እያሳየሁ።

ቀና ብሎ የተንጠለጠለውን ቆርቆሮ አየ። አልገባም። ወረቀት አውጥቶ አንድ ነገር ጻፈና «ነገ ቢሮ እንድትቀርቡ» ብሎ ሄደ። ያን ዕለት ሞኝ የነበረው ዘውዴ ብቻ አይደለም፤ ዘውዴ ጀመረው እንጂ።

ሞገስ ውሃ ጠየቀኝ። በጨርቅ ነክሬ ከንፈሩን አረጠብኩለት።

«እግሮቼ አሉ?» አለኝ።

«አሉ። የግራህን ጣት አንቀሳቅስ።»

«አንቀሳቀስኩ?»

«አዎ።»

«የቀኙንስ?»

«እሱን ሞክረው እስቲ።»

«እየሞከርኩ ነው።»

ምንም አልተንቀሳቀሰም። ልዋሽ ፈልጌ ነበር። «አልተንቀሳቀሰም» አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ። ላቡ በጆሮው ላይ ይወርዳል። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ቆርቆሮ ሰይድ እስኪመጣ ይቆይ፣ ይህን ሰው በሕይወት ላውጣው።

ብዙ ቆይቶ ዓይኑን ሳይገልጥ ተናገረ።

«ጉድጓዱን እኔም አውቀው ነበር፣ ዓለም።»

«አውቃለሁ።»

«ሲጮኽ ሰማሁት። መጋዙን ስስብ እንኳ የማስበው እሱን ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ታላቄ ነው።»

አንባቢዎቼ፣ በዚያ ሰዓት ለዚያ ሰው የተሰማኝን ልደብቃችሁ አልችልም። ባሌ ነው፣ እወደዋለሁ፣ እንጨት ሥር ነው፤ ናቅኩት። ሁለት እግሩን ለታላቅነት አሳልፎ የሰጠ ሰው! ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አንቺም እማማ ስትቆጣሽ ዝም አልሽ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ከሁላችን የተሻለ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ያን ወለል በእጄ የለቀለቅሁ እኔ ነኝ። ክሪኩ ላይ ልቀመጥበት እችል ነበር። ሳንቃውን ራሴ ላመጣ እችል ነበር። ጨዋ ምራት ልባል በሩ ላይ ሄጄ ቆምኩ። ዘውዴ ስለማያስብ ነው ያጠፋው፤ እኔ እያሰብኩ ነው የተውኩት። የቱ እንደሚብስ እናንተ ፍረዱ።

መኪናው ሲመጣ ፀሐይ ከአናት አልፋ ነበር። ሰይድ መኪናው ከመቆሙ በፊት ዘሎ ወረደ። ማን እንዳደረገው አልጠየቀም፤ አልተራገመም፣ አልተቆጣም። በሩ ላይ ሆኖ አየ።

«ያ ረቢ» አለ። ከዚያ፣ «አብሽር ሞገሴ፣ መጥቻለሁ። አትንቀሳቀስ። አንቺም ባለሽበት ሁኚ።»

መሰላል በውጭ በኩል አስደገፈ። ከላይ ጀምሮ ምስማር እየነቀለ ቆርቆሮውን አንድ በአንድ አወረደ። አንዱ ሲነሣ ከላያችን ብርሃን ይገባል። ዘውዴ ከሥር ሆኖ «በዚያ በኩል! አይ በዚህ በኩል!» ይላል። ሰይድ ቆሞ ቁልቁል አየው።

«ወንድም ዓለም፣ አንተ ቆርቆሮ እየተቀበልክ ደርድር።»

ደረደረ። በዚያ ቀን ቤቱን ያልጎዳ ሥራ የሠራው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጣሪያው ሲቀል ሰይድ አራት ባላ አስገባ። መሬቱን በተረከዙ እየመታ፣ እየሰማ፣ ድምፁ ጥሩ ከሆነው ቦታ ላይ ብቻ አቆመ፤ እያንዳንዱ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አደረገ። እኔ ጠዋት የጠየቅሁትን ሳንቃ ማለት ነው። ከዚያ ስድስት ወንዶች እንጨቱን በትከሻ አነሡ፤ ሰይድና እኔ ሞገስን በብብቱ ይዘን ጎተትነው። የዚያን ጊዜ ነው የጮኸው። እስከዚያ አልጮኸም ነበር።

በዚያው የጭነት መኪና ወደ ወልድያ ወሰድነው። ከኋላ ሰይድ እግሩን፣ እኔ ራሱን ይዘናል። በመስኮቱ በኩል የዘውዴ ድምፅ ይሰማናል፤ ሲሪንቃን እስክናልፍ አላቆመም።

«መሬቱ ነው የከዳን። ክሪኩ ምንም አላጠፋም። ቤቱ በደንብ ተነሥቶ ነበር፣ አይታችኋል።»

ሰይድ ቀስ ብሎ፣ «አትስሚው እህቴ፤ ዝም ካለ የሚሞት መስሎት ነው» አለኝ። በዚያ ሁሉ ውስጥ ሳቅኩ።

ሞገስ ወልድያ ሐኪም ቤት ብዙ ጊዜ ተኛ። ግራ እግሩ ዳነ። ቀኙ ከጉልበቱ ዳግመኛ አልታጠፈም። እማማ ሊጠይቁ መጥተው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ በጆሮዬ፣ «አፍሽ ነው ልጄን የሰበረው» አሉኝ። ዘውዴ በማግሥቱ ወደ መርሳ ሄዶ ነበር። እኔ ለጥገና ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር። ጉድጓዱን ቆፍሮ ክሪኩን አወጣ፣ አጸዳው፣ ዘይት ቀባው፣ ወደ ጋራዡ መለሰው። ክሪኩ ጭረት እንኳ አልነበረበትም።

ቤቱን ሰይድ ሠራልን። ስፌት መኪናው ተጣሞ ነበር፤ ቀና። ግን በአንድ እግር አይረገጥም። ስለዚህ እንዲህ አደረግን፤ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሞገስ ጨርቁን በእጁ ይመራል፣ እኔ ከሥር እረግጣለሁ። «ቀስ» ሲል ቀስ እላለሁ፤ «ቁም» ሲል እቆማለሁ። መርሳ ሳቀብን። ልጆች ሊያዩን ይመጡ ነበር። በዓመቱ መስፋቱን እኔ ያዝኩት፤ እሱ ልክ ይወስዳል፣ ይቆርጣል። አርባ ዓመት ገደማ በዚህ ኖርን። የሱ መቀስ፣ የኔ እግር።

ያ ቀን ምን ለወጠ ብትሉኝ፣ እኔን መናገር አስተማረኝ። ደስ የሚል ጠባይ አይደለም። ሰው ቤት ገብቼ መሰላሉ ይንቀጠቀጣል እላለሁ። ሠርግ ላይ ዳሱ ዘሟል እላለሁ። ይህ ሐኪም አያውቅም፣ ሌላ ፈልጉ እላለሁ። «አሟራች» የሚል ስም ወጥቶልኛል፤ አንዳንዱ ቤት ሥራ ሲጀመር አልጠራም። አይከፋኝም። ሳይጠሩኝ ቀርተው የወደቀባቸውን አይቻለሁ።

አምና ሞገስ ታመመ። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ እንደማይድን ነገረኝ። ዘመድ ተሰበሰበና እንዳይሰማ ተባለ። ዘውዴም መጣ፤ ሸምግሏል፣ ከዘራ ይዟል፤ ድምፁ ግን ያው ነው።

«በርታ! ይሄ ቀላል ነገር ነው። ለፋሲካ ትነሣለህ!» አለው። ሁሉም «አሜን» አሉ።

ሲወጡ ሞገስ ዓይኔን ፈለገ።

«ዓለም፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«አትነሣም» አልኩት። «ሐኪሙ ሁለት ወር አይሞላም ብሏል።»

እጄን ያዘኝ። ከዚያ፣ «ጥቁር ጨርቅ አለን?» አለ።

ገባኝ። አወጣሁለት። «ሌላ ሰው ቢቆርጥልሽ ያበላሸዋል» አለ፤ «የግራ ትከሻሽ ከቀኙ ዝቅ ይላል፤ ማንም አያውቀውም።» ትራስ አስደግፌው፣ ሳንቃ ጭኑ ላይ አድርጌለት፣ ልኬን በገዛ እጁ ወሰደ። የሐዘን ልብሴን በሦስት ቀን ቆረጠው፤ እየደከመው፣ እያረፈ። እኔ አጠገቡ እየሰፋሁ።

በሦስተኛው ቀን ዘውዴ ድንገት ገባ። ጥቁሩን ጨርቅ አልጋው ላይ አየ።

«ምን ዓይነት ሟርት ነው ይሄ! ሰው በሕይወት እያለ!» ብሎ ጨርቁን ሊያነሣ እጁን ዘረጋ።

ሞገስ ቀና አላለም። «አያ ዘውዴ፣ ዝም በል» አለ። «አንገትጌው ላይ ነኝ። ከነካኸኝ ይበላሻል።»

ዘውዴ እጁን ሰበሰበ።

ይህን የምጽፍላችሁ ለብሼው ነው። ትከሻው ልክ ነው።